አባቴ የገቡበት ተላጃ

ሳውዲ ኖሬ ተመልሼ ለጋምቦ ላይ ገብስ የማርስ ሰው ነኝ። ይህን የሰማ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። "ምን ነክቶህ ተመለስክ?" ይለኛል። በተለይ እንግዳ ከሆነ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው የሚጠይቀኝ። እኔም እንደ ሰዉ እመልሳለሁ። ለማልወደው ሰው "ሙቀቱ አልተስማማኝም" ብዬ አልፈዋለሁ። የምወደውን ግን ቁጭ አድርጌ ይህን አወራዋለሁ። እናንተንም ዛሬ ቁጭ በሉ ብያለሁ።

አገሬን ለማታውቁ፣ ለጋምቦ የወሎ ደጋ ነው። ደጋ ስል እንዲሁ ነፋሻ አየር ያለው ማለቴ አይደለም። ጠዋት ከቤት ስትወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሰውና በግ ባንድ ጣራ ሥር ተሟሙቆ ያድራል። ያሸተ ገብስ አንድ ሌሊት ውርጭ ከመታው በማግስቱ ገለባ ነው። እናቴ ልጅ ሳለሁ በክረምት ሳል ጀምሯት፣ ከአልጋ ሳትነሳ ሞተች። ሰዉ ምች ነው አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። እኔ ግን ብርድ ገደላት ብዬ ያዝኩ፤ አገሩንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላሁት።

ጎረምሳ ስሆን ወጣሁ። ደርግ ከነጉልበቱ በነበረበት ጊዜ ነው። በጅቡቲ አድርጌ፣ የመንን አቋርጬ ጅዳ ገባሁ። በኒ ማሊክ በሚባል ሰፈር ካገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ ሌላው ለምን እንደተሰደደ ሲናገር አንዱ ዘመቻ ይላል፣ አንዱ ረሃብ ይላል፤ እኔ ግን "ሙቀት ፍለጋ ነው የመጣሁት" እያልኩ አስቃቸው ነበር። ቀልድ ይመስላቸዋል እንጂ የእውነቴን ነበር።

ዕድሌ ግን ከእኔ የባሰች ቀልደኛ ናት። ሥራ ያገኘሁት ፔትሮሚን በሚባለው የጅዳ ሰፈር፣ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ ሥጋና ዶሮ የሚቀመጥበት ትልቅ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ነው። ዓረቦቹ የቤቱንም ፍሪጅ ተላጃ ነው የሚሉት፣ ያንን መጋዘንም ተላጃ ነው የሚሉት፤ እኛም ተላጃ እንላለን። አለቃችን አቡ ሳሊም የሚባል የመናዊ ነበር። ቆለኛ አይቀጥርም። የወሎ ደገኛ ካገኘ ግን እጁን ይይዝና መዳፉን ገልብጦ አይቶ፣ "ይህ ብርድ ያውቃል" ብሎ ያስገባዋል። ውጭ አስፋልቱ ሲቀልጥ እኔ ውስጥ ወፍራም ካፖርት ለብሼ የቀዘቀዘ በግ እሸከማለሁ። ከብርድ ሸሽቼ ብርድ ተቀጠርኩ።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ ወሎን ሲፈጀው አባቴ ተረፉ። ሐጂ ይማም ይባላሉ፤ ሐጅነታቸውን ሳያጣጥሙት ስለሞቱ እኔ እንኳ ልጥራቸው። ከረሃቡ በኋላ ሰፈራ መጣ። ጎረቤቱ በመኪና እየተጫነ ወደ ቆላ ወረደ። አባቴ በዕድሜም በአልታዘዝ ባይነትም ተርፈው ከበጎቻቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። እኔ ደግሞ ጅዳ ሆኜ አንድ ሐሳብ ብቻ ያዘኝ፤ አባቴን ከዚያ አገር ማውጣት። ውጡ ብላቸው እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ሐጅ ግቡ ብላቸው ግን እምቢ የሚል ሽማግሌ የለም። ወረቀቱ እንዴት እንዳለቀ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ብቻ አለቀ። ከሐጅ በኋላ አብረዋቸው ከሚመጡት ሐጃጆች ጋር ወደ አገር እንዳይመለሱ አድርጌ መካ አስቀራቸዋለሁ አልኩ። ብዙ ሰው እንዲያ ቀርቷል።

የማስቀርበትም ቤት ነበረኝ። አደም የሚባል ዘመዳችን መካ ነው የሚኖረው። አያቱ በእግራቸው ለሐጅ ሄደው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሱ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። አማርኛው የኛው የወሎ ነው። ልጁ ኸዲጃ ግን እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ያደገች አስተማሪ ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ነው። አንድ ቃል ስታጣ ዓረብኛውን ታስገባና ትቀጥላለች። ይህን ያዙልኝ።

አባቴ ሐጅ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጅዳ ገቡ። ዘመኑ ሐጅ በበጋቸው እምብርት የሚውልበት ነበር። ከሐጅ ቡድናቸው አስፈቅጄ በኒ ማሊክ ወዳለው ክፍሌ ወሰድኳቸው። ቬንትሌተሩ ሥር ቁጭ ብለው ውኃ እየጠጡ ላባቸውን በፎጣ ጠረጉ። አንዴም አልተማረሩም። ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ካፖርቱን ሳሳያቸው ከመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

"ሰው ከብርድ ሸሽቶ ለብርድ ይቀጠራል? እንዲያው አንተስ ወላሂ ጉድ ነህ" አሉ። ቆይተው ደግሞ እንደ ልጅ ጠየቁኝ። "እንድሪስ፣ ከሐጅ መልስ እዚያ ተላጃ ያልከው ቤት ታስገባኛለህ? ትንሽ ያገሬን አየር ልቅመስ።"

ቃል ገባሁላቸው። አቡ ሳሊምም ፈቀደ። ይምጡ፣ የኔን ካፖርት እሰጣቸዋለሁ አለ።

ወደ መካ ሊሄዱ ባሉበት ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝ። ሐጅ የሚገባ ሰው በላዩ ያለውን አማና፣ አደራውን ማለት ነው፣ ሳይናገር አይገባም። እኔ ከጎረቤት የተጣሉት፣ አፉ ያልተባባሉት ሰው ካለ ሊነግሩኝ ነው ብዬ ነበር። የነገሩኝ ግን የገብስ ነገር ነው።

"ከበጎቹ ማደሪያ ጀርባ ያለው ግድግዳ ድርብ ነው" አሉኝ። "እኔው ነኝ የለሰንኩት። በመካከሉ ጎታ አለ። ጎታው ውስጥ የሰው ገብስ አለ፤ የዘር ገብስ።"

ሰፈራ የተወሰዱት አራት ጎረቤቶቻችን መኪና ላይ ከመውጣታቸው በፊት፣ ለዘር ያስተረፏትን ገብስ በየስልቻቸው አምጥተው ለአባቴ ሰጥተው ነው የሄዱት። ስንመለስ እንዘራታለን ብለው። ያን ዓመት አባቴ ራሳቸው የሚበሉት አልነበራቸውም፤ ግን አንዲት ፍሬ አልነኩም። ለማንም አልተናገሩም። ካድሬው ከሰማ በኮታ ስም ይወስደዋል፤ የተራበው ከሰማ ይለምናቸዋል፣ እሳቸውም መከልከል አይችሉም። ገብሱ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በየበልጉ ከማሳቸው ጥግ ላይ ይዘሩትና አዲሱን መልሰው ጎታው ውስጥ ያስገባሉ። ጥቂት ዓመት ሳይዘራ ከቆየ ይመክናል። የእነሱ ገብስ የኛ ውርጭ የለመደ ነው፤ ከሌላ አገር ቢያመጡ አይበቅልላቸውም።

"አባዬ፣ እነዚያ ሰዎች እኮ አይመለሱም። ቆላው በወባ ጨርሷቸዋል" አልኳቸው።

"እነሱ ካለቁ ልጆቻቸው ይመጣሉ።"

ያኔ የሆዴን አወጣሁት። ያ አገር ለሰው አልተሠራም፣ እናቴን ያየሁት ይበቃኛል፣ እዚሁ ቅሩ አልኳቸው። ቀና ብለው ቬንትሌተሩን አዩ።

"ለሰው አልተሠራም፤ ልክ ነህ" አሉ። "ለገብስ ነው የተሠራ። ሰው ገብሱን ተከትሎ ነው የገባ። እኔ መስከረም ሳይጠባ እገባለሁ፣ አላህ ካለው። ካላለው ደግሞ አሁን አንተ አውቀሃል።"

አልመለስኩላቸውም። ከሐጅ በኋላ አደም ያግባባቸዋል ብዬ ተውኩት። እሳቸውም ሐጃቸውን አደረጉ። ጨርሰውም በሰላም አደም ቤት ገቡ፤ አውሮፕላናቸው እስኪደርስ እዚያ ያርፋሉ ተባለ። ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ስለሚቀለኝ በሚመጣው ሐሙስ አደም ጅዳ ያመጣቸውና ተላጃውን አሳያቸዋለሁ ተባባልን።

ማክሰኞ ከረፋዱ ላይ ዶሮ እያወረድን ሳለ ከአቡ ሳሊም ቢሮ ስልክ ተጠራሁ። ኸዲጃ ናት። ድምጿ ሩቅ ነው፤ መስመሩ ይንጫጫል።

"እንድሪስ፣ አባባ ሐጂ ተላጃ ናቸው" አለችኝ።

"የት?"

"ተላጃ። ጠዋት አስገቧቸው። ቶሎ ና።"

ሳቅሁ። እንግዲህ ታዘቡኝ፤ ሳቅሁ። እስከ ሐሙስ መጠበቅ አቅቷቸው፣ አደምን ነዝንዘው በመኪናው መጥተው፣ በሌላኛው በር በኩል ገብተዋል ብዬ ነው። አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ነገር ካሰቡ አያድሩበትም። ብቻቸውን ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"አቡዬ፣ አባቴ፣ አብሯቸው ነበር። አሁን ግን ኸላስ፣ ማንንም አናስገባም አሉት። ወልድ፣ ልጅ መጥቶ ካልፈረመ አይወጡም አሉ።"

ይህም ገባኝ። በዋናው በር ያለው ዘበኛ ክፉ ነው፤ እንግዳ ከገባ ኃላፊነት የሚወስድ ሠራተኛ ካላስፈረመ አይለቅም። የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። የአባቴ ልብስ ስስ ነው።

"እንዳይበርዳቸው፤ የሚደረብ ነገር ሰጥተዋቸዋል?" አልኳት።

ኸዲጃ ዝም አለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ "ሸፍነዋቸዋል" አለችኝ።

"በይ አብሽሪ፣ አሁኑኑ አወጣቸዋለሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ኋላ ስሰማ አደም ነበር የከለከላት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ቶሎ ና ብቻ በዪው ብሏት ነው። የት ናቸው ስላት ግን መዋሸት አልቻለችም። በእሷ ቋንቋ ግልጽ አድርጋ ነግራኛለች። የገባኝ መስሏት፣ እየሳቅሁ "እንዳይበርዳቸው" ስላት ልጁ አበደ ብላ ስልኩን ይዛ እንደቀረች ከብዙ ጊዜ በኋላ አጫውታኛለች።

ካፖርቴን ይዤ ወረድኩ። እኔ እንደሆንኩ ለምጄዋለሁ፣ ካፖርቱ ለእሳቸው ነው። ከዶሮው አዳራሽ ጀመርኩ፤ የሉም። የዓሣውን ከፈትኩ፤ የሉም። ወደ በጉ ገባሁ። የበጉ አዳራሽ ረጅም ነው። የታረደው በግ ሁሉ በነጭ ስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቁልቁል ተሰቅሎ፣ በመደዳ በመደዳ ይወርዳል። በመካከሉ እያለፍኩ "አባዬ! አባዬ!" እላለሁ። የቀዘቀዘውን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ እየተሹለከለኩ፣ ጥግ ጥጉን እያየሁ፣ ተደብቀው የሚያሾፉብኝ መስሎኝ እየሳቅሁ ነው የምጣራው። ትንፋሼ ፊቴ ላይ ይጨሳል። አንድ ጊዜ በመደዳው መጨረሻ የቆመ ሰው አይቼ ሮጥኩ፤ የተንጠለጠለ የሌላ ሠራተኛ ካፖርት ነበር።

አቡ ሳሊም ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። ምን ትሠራለህ አለኝ። አባቴ ተላጃ ገብተዋል፣ ዘበኛው ይዟቸዋል፣ የት እንዳስቀመጣቸው አላገኘሁም አልኩት። ዘበኛውን ጠርቶ ጠየቀው። የገባ ሰው የለም አለ።

"ማን ነው የነገረህ?" አለኝ አቡ ሳሊም።

"የአደም ልጅ። አሁን ደውላ።"

"ከየት ነው የደወለችው?"

"ከቤቷ። ከመካ።"

አየኝ። ከዚያ የጭንቅላቱን ሻሽ አወለቀና በእጁ ያዘው። እንደዚያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

"ልጄ" አለኝ፣ "እኛ መካ ውስጥ ተላጃ የለንም።"

ቆምኩ። እዚያው በበጎቹ መካከል ሆኜ የኸዲጃን ቃል አንድ በአንድ መለስኩት። አስገቧቸው። ማንንም አያስገቡም። ልጅ ካልፈረመ አይወጡም። ሸፍነዋቸዋል። ሆስፒታልም ሬሳ የሚያቆይበት ተላጃ እንዳለው ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ላይ ለአባቴ የያዝኩት ካፖርት አለ።

አቡ ሳሊም በራሱ መኪና መካ አደረሰኝ። መንገዱን በሙሉ ቁርዓን ከፍቶ ነዳ። አደም ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አቅፎ አለቀሰ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ አባቴ ሐረም፣ ትልቁ መስጊድ፣ ሄደው ፀሐይ እስኪከር ከዐባን ሲዞሩ ነበር። አረፍ በሉ ቢላቸው እምቢ አሉት። የመሄጃቸው ቀን ደርሷል፣ ልሰነባበት ነው አሉት። ከዚያ ድንገት ውኃ ጠየቁ፤ ውኃው ሳይደርስ ወደቁ። ሐኪሞቹ ሙቀት ነው አሉ። እናቴን ብርድ፣ አባቴን ሙቀት ወሰዳቸው።

ፈርሜ አስገቡኝ። ከግድግዳው ውስጥ መሳቢያውን ሳቡልኝና ጨርቁን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉት። ግንባራቸው ላይ እጄን አሳረፍኩ። ብርዱን አወቅሁት። በየቀኑ የምሸከመው ብርድ ነው። ያገሬን አየር ልቅመስ ያሉት አባቴ እኔን ሳይጠብቁ ቀምሰዋል። እዚያው ጮህኩ፤ አደም አፌን በእጁ ያዘው።

ከአስር ሶላት በኋላ ሐረም ውስጥ ተሰገደባቸው፤ ከማላውቀው ሕዝብ ጋር ተሸክመን እዚያው መካ ቀበርናቸው። ሰዉ ሁሉ ያጽናናኝ በአንድ ቃል ነበር፤ ዕድለኛ ናቸው ይለኛል። ሐጃቸውን ፈጽመው፣ በዚያች ምድር መቀበር ስንቱ የሚመኘው ነው ይለኛል። እውነት ነው፤ አልካድኩም። ግን አናደደኝ። አባቴ የተመኙት ያንን ብቻ አልነበረም። መስከረም ሳይጠባ ቤታቸው መግባት ነበር የተመኙት፣ የሚጠብቃቸውም ነገር ነበር፤ ያንን ከእኔ በስተቀር የሚያውቅ ሰው ዓለም ላይ አልነበረም።

ሐዘኑ ጋብ ሲል አደም አስቀምጦ መከረኝ። ከእንግዲህ እዚያ አገር ማን አለህ፣ ብርድ ብቻ ነው የቀረህ አለኝ። ኸዲጃም ሻይ ይዛ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች፣ ዓይኔን ማየት ግን አልቻለችም። ይቅርታ ልትለኝ ጀምራ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ ጠፋት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም አልኳት፤ የእውነቴን ነው። የገብሱን ነገር አልነገርኳቸውም። በሰው አገር፣ በዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳ ውስጥ ያለ ገብስ ይጠብቀኛል ማለት ለራሴም እብደት መሰለኝ።

ሥራ ተመለስኩ፤ መግባት አቃተኝ። የበጉ አዳራሽ በር ላይ ስደርስ እግሬ ይቆማል። አቡ ሳሊም ውጭ ጭነት ላይ አደረገኝ። ግን ሌላም ነገር መጣብኝ። በጠራራው ፀሐይ ሥር ቆሜ ስለ በልግ ማሰብ ጀመርኩ። ጥር ይገባል፣ ማንም አይዘራውም። የሚቀጥለውም ጥር ይገባል። አባቴ "አሁን አንተ አውቀሃል" ሲሉኝ ለምን ዝም አልኩ? ዝምታዬን እሺታ አድርገው ነው የወሰዱት። እሺ ብሏል ብለው ነው ልባቸው አርፎ ሐጅ የገቡት። አንድ ቀን ማንንም ሳላማክር ኮፊሌ ዘንድ፣ ዋስ የሆነኝ ዓረብ ዘንድ ማለት ነው፣ ሄጄ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ምታልኝ አልኩት።

በኒ ማሊክ ያሉት ጓደኞቼ አብደሃል አሉኝ። ደርግ አገር፣ አፈሳ ያለበት አገር፣ ያንተ ደግሞ ያ ብርድ አሉኝ። ስገባም ያሉት አልቀረም፤ ከሳውዲ የመጣ ምን ቢልኩት ነው ተብዬ ታስሬ ተመረመርኩ። ካድሬው "እዚያ ምን አጥተህ መጣህ?" ሲለኝ "አባቴ ሞተው ነው፣ በጎቻቸውን ልይ ብዬ" አልኩት። የተመለሰ ሰው ሁሉ ሞኝ ይመስላቸዋል፤ ሞኝነቴን አይቶ ለቀቀኝ።

ቤታችን ደረስኩ። በጎቹን ጎረቤት ወስዷቸዋል። ጣራው ተበሳስቷል። በባዶ ቤት፣ በዚያ ውርጭ፣ ግድግዳውን በእጄ እያንኳኳሁ ሄድኩ። ባዶ ድምፅ የሰጠኝ ጋ በመጥረቢያ ጀርባ ፈለፈልኩት። ጎታው አለ። እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩት። ገብሱ ቀዝቃዛ ነበር። አንዷን ፍሬ ነከስኳት፤ ቀጭ አለች፣ ደህና ነች። ለአባቴ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው፤ መካ ላይ ያለቀስኩት ለራሴ ነበር። በልግ ሲደርስ በማሳው ጥግ ዘራሁት።

ጥቂት ዓመት አለፈ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ሰው በምርኩዝ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ወባ አጥንቱን ብቻ አስቀርቶታል። ሰይድ ነው፣ ከአራቱ አንዱ። ሐጂ የት አሉ አለኝ፤ መካ ቀሩ አልኩት። ተቀመጠ። ስለ መንገዱ አወራ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ በጎቹ ጠየቀኝ። የገብሱን ነገር አያነሳም። አውቆት ነው፤ ሰዉ ሲራብ ያየ ሰው ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ማን ያስቀምጥልኛል ብሎ ነው። እኔም ምንም ሳልለው ተነስቼ ገባሁና ድርሻውን በቁና ሰፍሬ ፊቱ አስቀመጥኩት። በመዳፉ ዘገነው። ጉንጩ ላይ አድርጎ ያዘው።

"ይበርዳል" አለ።

እንግዲህ ለምን እንደተመለስኩ ጠየቃችሁኝ፣ ነገርኳችሁ። ለምን እንደምቆይ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ብርዱን አሁንም አልወደውም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እናቴን እያስታወስኩ እረግመዋለሁ። ግን ያልተመለሱት የሦስቱ ሰዎች ገብስ እስካሁን ግድግዳው ውስጥ ነው። በየበልጉ ዘርቼ አድስላቸዋለሁ።